ስሜን ተራሮች ስትወጡ ገንዘባችሁ ማን እጅ ይገባል?

ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ይባላል። ማሊያውን እንለብሳለን፣ ጎል ሲገባ እንጮሃለን፣ የዋልያ ሥዕል ያለበትን ነገር ሁሉ እንወዳለን። እውነተኛውን ዋልያ ግን ስንቶቻችን አይተነዋል? እኔ ጎንደር ተወልጄ ጎንደር አድጌ መጀመሪያ ያየሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ከጎንደር ፒያሳ እስከ ስሜን መግቢያ እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከዓለም ዳር አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣለት ሰው አለ። እኛ ግን አምባ ጊዮርጊስ ለቅሶ ደርሰን፣ ዳባት ሰርግ በልተን እንመለሳለን።

አሁን አሁን ነገሩ እየተለወጠ ነው። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች፣ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ የሚመጡ ጓደኞች ይደውሉና «ስሜን የሚያወጣን ጥሩ አስጎብኚ ድርጅት ጠቁመን» ይላሉ። ማስታወቂያውን ስታዩት ሁሉም ኢኮ ቱሪዝም ነው፣ ሁሉም ዘላቂ ነው፣ ሁሉም ማኅበረሰቡን ይጠቅማል። ቃሉ ከመደጋገሙ የተነሳ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። እስኪ ዛሬ ቁጭ ብለን እንየው። ዘላቂ ጉብኝት የሚባለው ነገር በተግባር ምንድን ነው? በአካባቢው አስጎብኚ መሄድስ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

እኔ የምይዘው መለኪያ አንድ ነው። አውሬው አጠገብ የሚኖረው ገበሬ፣ አውሬው በሕይወት በመኖሩ የሚያገኘው ነገር አለ ወይ? ካለ ጉብኝቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል። ከሌለ የፈለገ ጥሩ ስም ቢወጣለት አይዘልቅም።

ይሄን መለኪያ የሰጡኝ አንድ የደባርቅ አካባቢ አባት ናቸው። ጥቅምት መጨረሻ ነበር፣ ገብሱ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ሽማግሌው ማሳቸው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ወንጭፍ ይዘዋል። ከበላያቸው ካለው ጥግ ላይ የጭላዳ መንጋ ተኮልኩሎ ገብሱን ያያል።

«እንዴት ዋሉ አባባ?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ምን ልታዩ መጣችሁ?»

«ጭላዳ ልናይ ነው።»

«እንግዲህ» አሉ፣ «ጭላዳውን እናንተ ታያላችሁ፣ ገብሱን እኔ አጣለሁ።»

ንዴት አልነበረበትም አነጋገራቸው። ዝናብ መጣ፣ ዝናብ ቀረ እንደሚባለው ዓይነት ነው የተናገሩት። ከፓርኩ የሚደርስዎት ነገር የለም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ላም አለኝ በሰማይ» አሉና ዝም አሉ። ቀሪውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

እስኪ በሳቸው ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ጭላዳው ገብስ ይበላባቸዋል። ጅብና ነብር በግ ይወስድባቸዋል። ድሮ ከብት ያሰማሩበት ሣር ዛሬ የፓርክ ክልል ነው ይባላሉ። ቤት ለመሥራት እንጨት መቁረጥ አይችሉም። ይሄ ሁሉ ወጪ የሚወጣው ከሳቸው ቤት ነው። ገቢው ደግሞ በላንድክሩዘር አቧራ እያስነሳ በፊታቸው ያልፋል። አንድ ቀን ሌሊት አዳኝ በማሳቸው አቋርጦ ዋልያ ሊገድል ቢሄድ፣ ተነሥተው «ተው!» የሚሉበት ምክንያት ማን ሰጣቸው? ዘላቂነት የሚባለው ነገር ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአዋጅ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲጀምር ስሜን ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆነ። ያን ዓመት ላሊበላም አብሮ ገብቷል። የኛ ፋሲል ግቢ እንኳ የተመዘገበው በዓመቱ፣ በ1979 ነው። ከዚያ ግን ነገሩ ተበላሸ። ጦርነት አለፈበት፣ እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ ወጣ፣ መንገድ በመሀሉ ተቆረጠ፣ ዋልያው ተመናመነ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት 21 ዓመት ፈጀበት፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

እንዲወጣ ያደረጉት ሥራዎች በርካታ ናቸው። ፓርኩ ከ136 ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 412 ሰፋ፣ ግጦሽ እንዲቀንስ ተደረገ፣ ለመኪናው መንገድ ሌላ አማራጭ ተፈለገ። አንዱን ግን ሳልናገር አላልፍም። በፓርኩ መሀል የነበረው የጊጭ መንደር ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2016 ተነሥቶ ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈረ። ዛሬ ጊጭ ላይ ቆማችሁ ጓሳ ሣሩ ተመልሶ ሲወዛወዝ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅሙ ተክል እንደ ዘበኛ ተሰልፎ ሲታያችሁ ደስ ይላችኋል። እኔም ደስ ይለኛል። ግን ያ ሣር የተመለሰው ሰዎች የአያቶቻቸውን ቦታ ለቀው ነው። ገብስ ዘርቶ፣ በግ አርብቶ የኖረ ሰው ከተማ ዳር ገብቶ ኑሮን እንደገና ከዜሮ ጀምሯል። ጥሩ አስጎብኚ ጊጭ ላይ ሲያቆማችሁ ይሄን ይነግራችኋል። ባይነግራችሁ ጠይቁት።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ጉዞ አንድ ጥቅል ዋጋ ትከፍላላችሁ። ያ ገንዘብ ወዴት ወዴት ይሄዳል?

የመግቢያው ክፍያ ደባርቅ ላይ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይከፈላል። ለአገር ውስጥ ሰው ዋጋው ከውጭ ዜጋ በጣም ያነሰ ነው። ይሄ የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ፓርኩን የሚያስተዳድረው የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ከዚያ ስካውት አለ። መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ማለት ነው፣ ያለሱ ወደ ውስጥ መግባት አይቻልም። ብዙዎቹ የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው፣ እንግሊዝኛ ባይችሉም ዋልያ የት እንዳደረ ያውቃሉ። ከዚያ ጋይዱ፣ ምግብ አብሳዩና ረዳቱ፣ በቅሎውና በቅሎ ነጂው ይመጣሉ። ደባርቅ ላይ እነዚህ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ። ቀሪው መኪና፣ ነዳጅ፣ ሆቴል፣ የድንኳንና የፍራሽ ኪራይ፣ በመጨረሻም የድርጅቱ ትርፍ ነው።

አሁን እያንዳንዱን ገንዘብ ተከተሉት። የነዳጁ ብር ከማደያው አልፎ ይሄዳል። የሆቴሉ ከተማ ይቀራል። የበቅሎው ብር ግን ማታውኑ ገጠር ቤት ይገባል። በቅሎ ያለው ገበሬ ነውና፣ ያን ብር ለልጁ ደብተር፣ ለማዳበሪያ፣ ለዘይት ነው የሚያውለው። ስለዚህ ትንሽ የምትመስለው የበቅሎ ኪራይ ከጥቅሉ ሁሉ ይልቅ ለእኚያ ሽማግሌ ትቀርባለች። ዕቃችንን በመኪና ከካምፕ ካምፕ እናመላልስና በቅሎ እንቀንስ የሚል ድርጅት ሲገጥማችሁ፣ የተቀነሰው ምን እንደሆነ እወቁት።

ተራው ላይ ደግሞ ሰው ብዙ ያጉረመርማል። እውነት ነው፣ በተራ የደረሳችሁ ጋይድ ሁልጊዜ በጣም ጎበዙ ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ተራውን እደግፋለሁ። ተራ ባይኖር ሥራው ሁሉ ስልክ ባላቸው አምስት ስድስት ሰዎች እጅ ይቀር ነበር፣ የቀረው ሰፈር ደግሞ ፓርኩን እንደ ጎረቤት ሀብት እያየ ይቀመጣል።

በአካባቢው አስጎብኚ ሂዱ የሚባለውም ለዚህ ነው። ውጭ አገር ያለ ወኪል ለአዲስ አበባ ድርጅት ይሰጣል፣ አዲስ አበባ ለጎንደር፣ ጎንደር ለደባርቅ። በየደረጃው ሰው አገልግሎቱን ይጨምራል፣ ድርሻውንም ይቆርጣል። ኮሚሽን መውሰድ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም፤ ቪዛ የሚያስጨርሰው፣ አዘዞ አየር ማረፊያ የሚቀበለው፣ መኪና የሚያዘጋጀው ሰው ይለፋል። ግን ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ታች ያለው ሰው ላይ ድርድሩ ይከርራል። ዋጋ ይቀነስ ሲባል የሚቀነሰው የአዲስ አበባው ኮሚሽን ሆኖ አያውቅም፣ የበቅሎ ነጂው ቀን ነው።

ደግሞ ጎንደሬ ስለሆነ ብቻ የአካባቢ ሰው ነው ማለት አይደለም። ለደባርቅ ሰው እኛም ከተሜዎች ነን። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከቤተሰብ ጋር ከወጣን በኋላ ነው የገባኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ነበር ያወጣን። ዋጋው ርካሽ፣ ንግግሩ ጣፋጭ። ምግብ አብሳዩን ከጎንደር አመጣ፣ ድንችና ሽንኩርቱን፣ ዳቦውን፣ ውኃውን ሁሉ ከጎንደር ጭኖ መጣ። ደባርቅ ላይ ዘይት እንኳ አልገዛም። ሦስተኛው ቀን ማታ በቅሎ ነጂው፣ ወጣት ልጅ ነው፣ እሳት ዳር ቀርቦ «ጋሼ፣ ሒሳቡን ዛሬ ነው የሚሰጡኝ?» አለኝ። ለድርጅቱ ከፍለናል አልኩት። ድርጅቱ ደግሞ ወር ሲያልቅ ነው የምንሰጥህ ብሎት ኖሯል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከኪሳችን አዋጥተን ሰጠነው፤ ነገር ግን ከኛ በፊት የሄዱት፣ ከኛ በኋላ የመጡት እንዲህ ማድረጋቸውን ማን ያውቃል? ከመነሳታችን በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቀን ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስለ እንስሳቱ ደግሞ ላውራችሁ፣ ምክንያቱም ጉዳት የምናደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ካለማወቅ ነው።

ጭላዳን ብዙ ሰው ዝንጀሮ ይለዋል። ዘመድ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ጭላዳ የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ በዓለም ላይ ካሉ የጦጣና የዝንጀሮ ወገኖች ሁሉ ዋና ምግቡ ሣር የሆነ እሱ ብቻ ነው። ቂጡ ላይ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣሩን እየነጨ፣ ሳይነሳ እየተንፏቀቀ ይውላል። ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ አለው። ማታ ገደል ወርዶ ቋጥኝ ላይ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ተመልሶ ሜዳ ይወጣል። አንዳንዴ በመቶ የሚቆጠር መንጋ በአንድ ላይ ታያላችሁ፣ ድምፃቸው የገበያ ወሬ ነው የሚመስለው። ሰው ስለለመዱ ቀስ ብላችሁ ብትቀመጡ በጣም ይቀርቧችኋል።

እዚህ ላይ ነው ልጆች ብስኩት የሚወረውሩት። አዋቂዎችም ይወረውራሉ፣ ፎቶ ለማንሳት። አንዴ ብስኩት የቀመሰ ጭላዳ ግን ከረጢት ባየ ቁጥር ምግብ ነው ብሎ ያስባል። ሰው መፍራት ያቆማል። ሰው መፍራት ያቆመ ጭላዳ ገብስ ማሳ ውስጥም በድፍረት ይገባል፣ ወንጭፉንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የብስኩቱን ዋጋ የሚከፍሉት እኚያ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት አባት ናቸው። በመጨረሻም ጭላዳው ራሱ በድንጋይ ወይም በዱላ ይከፍላል። ስለዚህ ጋይዱ «አትስጡ» ሲል ተቆጥቶ አይደለም፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ዝም ብሎ የሚያይ ጋይድ ከገጠማችሁ እናንተ ተናገሩ።

ዋልያው በዓለም ላይ ያለው በስሜን ብቻ ነው። ሌላ ቦታ የለም። በደህናው ጊዜ እንኳ ቁጥሩ 1,000 ሞልቶ አያውቅም፣ ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ በጣም አሽቆልቁሏል። ለዚህ ነው አንድ ዋልያ መሞቱ እንደ ሌላ እንስሳ የማይቆጠረው። ገደል ጫፍ ላይ ነው የሚውለው፣ ጨነቅ በሚባለው ካምፕ አካባቢ ጠዋት ማልዶ የተነሳ ሰው የማየት ዕድሉ ጥሩ ነው። ጠላቶቹ አዳኞች፣ ሣሩን የሚሻሙት ከብቶች፣ ፍየልና በግ የሚያመጡት በሽታ ናቸው። ጎብኚው የሚያደርሰው ጉዳት ከነዚህ ያነሰ ነው፣ ግን አለ። ወደ ገደሉ አፍ ተጠግቶ መጮህ፣ ሙዚቃ መክፈት፣ ለቪዲዮ ብሎ ግልገል ያላትን እናት መከታተል ነው። ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። ዋልያ የሚታየው በሩቅ ማያ መነጽር (ባይኖኩላር) ነው። መነጽር ይዞ የሚመጣ ድርጅት ሥራውን የሚያውቅ ድርጅት ነው።

ቀይ ቀበሮውን የማየት ዕድል ትንሽ ነው። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎች 500 ገደማ ቢሆኑ ነው፤ ብዙዎቹ ባሌ ናቸው፣ ስሜን ያሉት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። የሚኖረው አይጥ እያደነ ነው። የሚገርማችሁ ግን ትልቁ ጠላቱ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሻ ተሻግሮ አንድ የቀበሮ ቤተሰብ ሙሉ ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ ቀበሮውን የሚያድነው ዋናው ነገር የመንደር ውሾች ክትባት ነው። እናንተ የምትችሉት ደግሞ ከመንደር ተከትሎ የመጣ ውሻ ወደ ካምፕ እንዲገባ አለማድረግ፣ ትርፍራፊ አለመስጠት ነው። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ስካውቱ ሲመልሰው ግን ዝም በሉ።

እንጨትና ቆሻሻ ላይ ብዙ አልልም። አስታ ዛፍ በዚያ ብርድ ለማደግ ዘመናት ይፈጅበታል፣ ለአንድ ሌሊት ሙቀት አይቃጠልም። ምግቡ በጋዝ ይብሰል። ይዛችሁ የወጣችሁትን ላስቲክና የውኃ ፕላስቲክ ይዛችሁ ውረዱ፣ በቅሎው ሲወርድ ጭነቱ ስለቀለለ ችግር የለውም።

አሁን ከባዱን ነገር ላንሳ። ጉብኝት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ኑሮ ምን ያህል እንደሚሰበር በዓይናችን አይተናል። መጀመሪያ ኮሮና መጣ። ኮሮናው ሳያበቃ ጦርነቱ መጣ፣ ዳባትና ደባርቅ ዙሪያ ድረስ። ከዚያም ሰላም በመጥፋቱ እንግዳ ጠፋ። ጋይዶች ወደ ቀን ሥራ ሄዱ፣ በቅሎዎች ተሸጡ፣ የተዘጋ ሎጅ ዘበኛ ብቻ ቀረው። የጉብኝት ገቢ ሲደርቅ ሰው ይበላው የለውምና ወደ ሣሩና ወደ እንጨቱ ይመለሳል። ይሄ ክፋት አይደለም፣ ርሃብ ነው። ስለዚህ ጥሩ ድርጅት የምለው እንግዳ ባለበት ወቅት ብቻ የሚታየውን አይደለም። ከደባርቅ ገበያ ድንችና እንቁላል የሚገዛ፣ የአካባቢውን ሴቶች የእጅ ሥራና ማር የሚያሸጥ፣ ልጆችን አስተምሮ ነገ ሌላ ሙያ እንዲይዙ የሚያደርግ ነው። እንግዳ ሲጠፋም የሆነ ነገር እንዲቀራቸው።

ሰዉ ፓርኩን የራሱ አድርጎ ሲያይ ምን እንደሚሆን ደግሞ በ2011 ዓ.ም. አይተናል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ስሜን በእሳት ሲያያዝ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ከነሱ በፊት ግን ቅጠልና አካፋ ይዘው ገደል ለገደል የተሯሯጡት የአካባቢው ገበሬዎችና ወጣቶች ናቸው። 

አንዳንዱ ደግሞ «እኔ ተራራ አልፈልግም፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው የምፈልገው» ይላል። የኛ አገር የዝናብ ደን ያለው ደቡብ ምዕራብ ነው፣ ካፋ፣ ሸካ፣ ያዩ። ካፋና ያዩ በ2010፣ ሸካ በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብለው ተመዝግበዋል። የባዮስፌር አሠራር ከፓርክ ይለያል። መሀሉ፣ እምብርቱ፣ አይነካም። በዙሪያው ያለው ክፍል ላይ ሰው ደኑን ሳይቆርጥ ይጠቀምበታል፣ የጫካ ቡና ይለቅማል፣ ቀፎ ይሰቅላል፣ ቅመም ይሰበስባል። ከዚያ ውጭ ያለው መኖሪያና እርሻ ነው። ማለትም ሰውየው ከደኑ ጋር እንዲኖር ታስቦ የተሠራ ነው፣ ለኔ ልብ የሚገባውም ይሄ ነው። የጎንደር ድርጅት ወደ ካፋ ከተማ ወደ ቦንጋ ሊወስዳችሁ ይችላል፣ ከአዲስ አበባ በኋላ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መኪና አለበት። ያኔ ግን ጎንደሬው እንግዳ ነው። የካፋ ልጅ ጋይድ ካልያዘ፣ ቡናውን ከደኑ ለቃሚ ካልገዛላችሁ፣ እዚያም ያው ታሪክ ነው።

ቅርብ ያለውንም አትናቁት። የጣና ሐይቅ ራሱ በ2015 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ሥፍራ ሆኗል፣ ጎርጎራ ደግሞ ከጎንደር ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ቤተ ክርስቲያኖቻችንን የከበበውን ደን ደግሞ እስኪ ረጋ ብላችሁ እዩት። ደቡብ ጎንደር ላይ በአውሮፕላን ስትበሩ እርሻው መሀል እንደ አረንጓዴ ቁልፍ ተበታትኖ የሚታየው እሱ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የሚባሉ የደን ተመራማሪ ብዙ ዓመት አጥንተውታል። ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይበላው ዙሪያውን የድንጋይ አጥር መሥራት ደኑን እንደሚያድነው ካህናቱም ባለሙያዎቹም ተስማምተው ብዙ ቦታ አጥረዋል። ያ ደን ለዘመናት የቆየው ጠብመንጃ ይዞ የሚጠብቀው ስለነበረ አይደለም፣ ሕዝቡ የኔ ነው ስላለ ነው።

እንግዲህ ስልክ ስትደውሉ ምን ትጠይቃላችሁ? ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ጋይዱና ምግብ አብሳዩ ከየት ናቸው በሉ። «ከደባርቅ ማኅበር ነው የምንወስደው» ካለ ጥሩ። በቅሎ ስንት ነው፣ ለነጂው የሚከፈለው በቀን ስንት ነው፣ መቼ ነው የሚከፈለው በሉ። ይሄን ጥያቄ ያለ ማመንታት የሚመልስ ሰው ብዙውን ጊዜ ታማኝ ሰው ነው። «እሱን ለኛ ተዉት» የሚል ከሆነ ሌላ ጋ ደውሉ። ስካውቱና ነጂው የት ነው የሚያድሩት፣ ምን ነው የሚለብሱት፣ ምግባቸውስ በጥቅሉ ውስጥ ነው ወይ? ይሄን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ሳንቃበር ካምፕ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ጨነቅ ከ3,600። ሌሊቱ ውርጭ ነው። እናንተ ፍራሽና ድንኳን ውስጥ ሆናችሁ፣ ሰውየው በጋቢ ብቻ ደጅ ሲያድር ማየት ከባድ ነው። ስንቁንስ የት ነው የምትገዙት በሉ። ደግሞ በጣም ርካሽ ዋጋ ከሰማችሁ አትደሰቱ። ነዳጁ ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው፣ የመግቢያውም እንደዚያው። የሚረክሰው የሰው ጉልበት ብቻ ነው።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፣ ተራራውም በጉም ይሸፈናል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ለኔ ከሁሉ ይበልጣል፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ አየሩ ጥርት ያለ ነው። ከታኅሣሥ በኋላ ይደርቃል፣ ሌሊቱም በጣም ይበርዳል። የመጀመሪያውን ቀን ቀስ በሉ፣ ከፍታው ራስ ያዞራል፤ ቧሂት ተራራ ላይ የሚወጣ ሰው 4,400 ሜትር ማለፉ ነው። የሰላሙን ሁኔታ ደግሞ በዋዜማው ሳይሆን ከሳምንት ጀምራችሁ ጠይቁ። መንገዱ ደህና ነው አይደለም የሚለውን ጥሩ አድርጎ የሚያውቀው ትናንት ከዚያ የመጣ ሰው ነው። «ዛሬ አይሆንም፣ ብራችሁን ያዙ» የሚላችሁን ድርጅት ስልኩን አስቀምጡት፣ ሌላ ቀን በሱ ሂዱ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጉዞው ጨነቅ ላይ ሲያልቅ መኪናው መጥቶ ይጠብቃችኋል። ሁሉም ደክሞታል፣ ሁሉም ለመሄድ ይቸኩላል፣ ሞተሩ ተነስቷል። በቅሎ ነጂውን ሒሳብህ ደርሶሃል ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ ጉርሻ ካላችሁም ለጋይዱ ብቻ ሳትሰጡ ለሱም በእጁ ስጡት። ደባርቅ እንገናኝ አትበሉት። እናንተ ማታ ጎንደር ትገባላችሁ፣ እሱ ግን በቅሎውን እየነዳ የመልሱን መንገድ በእግሩ ነው የሚሄደው።